ከሶደሬ ግራር ፍሬ ውስጥ የወጡት ደቃቅ ጥንዚዛዎች ምንድን ናቸው? (አዳማ)

የግራር_ጥላ — ሰኞ ማታ

ሰላም ለሁላችሁ። አዳማ ነው የምኖረው። ከሦስት ሳምንት በፊት ከልጆቼ ጋር ሶደሬ ሄደን ነበር። አዋሽ ዳር ካሉት ግራሮች ሥር የወደቀ ፍሬ ለቀምን። ለክረምት ችግኝ ላፈላበት ነው ሐሳቤ። የልጆቹ ትምህርት ቤት ግቢ ጥላ የሚባል ነገር የለውም፤ በዚህ ሙቀት ያሳዝናሉ።

ፍሬውን በወረቀት ከረጢት አድርጌ ቁም ሳጥን ላይ አስቀመጥኩት። ትናንት ሳወርደው ኮሽ ኮሽ ይላል። ስከፍተው ቡናማ፣ ደቃቅ፣ ፈጣን ጥንዚዛዎች ተንጋግተው ወጡ። ዘሮቹ ላይ በወስፌ የተበሳ የሚመስል ቀዳዳ አለ።

ሌላም ነገር አለ። ጓሮ ውስጥ ለአጥር ብለን የከመርነው የግራር ቅርንጫፍ አለ፤ ከተቆረጠ አንድ ወር ቢሆነው ነው። ከሥሩ ነጭ ዱቄት ይረግፋል። እዚያም ጥንዚዛ አገኘሁ፤ ይኼኛው ጥቁር ነው።

ሁለቱ አንድ ናቸው? ዘሩን ልጣለው? ደግሞ ቁም ሳጥኑ ያለው እህል የማስቀምጥበት ክፍል ውስጥ ነው። ሽምብራዬ ላይ ይወጡብኝ ይሆን? ፎቶ አያይዣለሁ፤ ስልኬ ግን በቅርብ አጥርቶ አያነሳም።

ወንጂ_ልጅ — ሰኞ ማታ

ምስጥ ነው። እንጨቱን ቶሎ አቃጥይው።

ጥንዚዛ_ወዳጅ — ማክሰኞ ጠዋት

ምስጥስ አይደለም። እኛ ጓሮ የምናውቀው ምስጥ የሄደበትን በአፈር ይሸፍናል እንጂ እንዲህ ያለ ደረቅ ዱቄት አያራግፍም። ሰውነቱም ለስላሳ ነው። ይኼ ጥንዚዛ ለመሆኑ ፎቶው ላይ አንድ ምልክት ይታያል፦ ጀርባው ላይ ሁለት ጠንካራ ክዳን ክንፎች መሐል ለመሐል ቀጥ ባለ መስመር ተገጣጥመዋል። ትኋንና ዘመዶቹ እንደዚህ ያለ መስመር የላቸውም።

የትኛው ጥንዚዛ ነው የሚለው ግን ከጀርባ ፎቶ ብቻ አይታወቅም። በዓለም ላይ ስም የወጣላቸው ጥንዚዛዎች ወደ 400,000 ይጠጋሉ። ከእነዚያ ውስጥ ቡናማና ደቃቅ የሆነውን ማን ይቆጥረዋል? ስለዚህ እኔ መጀመሪያ የማየው ዛፉን ነው። ዛፉ የትኛው ግራር ነው? ጥንዚዛው የተገኘው ከዘሩ ነው፣ ከቅርፊቱ ሥር ነው ወይስ ከደረቀ እንጨት? ቀዳዳው ክብ ነው ወይስ ሞላላ? ዱቄቱ እንደ ፉርኖ የላመ ነው ወይስ እንደ መጋዝ ብናኝ ሻካራ? እነዚህን ከነገርሽኝ ግማሹ መንገድ አለቀ።

ለፎቶው እንዲህ አድርጊ። ጥንዚዛውን ክዳን ባለው ብልቃጥ ከትተሽ ለአሥር ደቂቃ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጪው፤ መሮጡን ያቆማል። ነጭ ወረቀት ላይ ከማስመሪያ ጎን አስቀምጪና ከላይ፣ ከጎንና ከፊት አንሺው። የጎኑ ፎቶ ከሁሉም ይበልጣል። አጉሊ መነጽር ከየትም ፈልጊ፤ በስልኩ ካሜራ ላይ ደግነሽ ማንሳት ይቻላል።

እመት_ሽሮ — ማክሰኞ ጠዋት

እህቴ፣ እኔ የማውቀው ነቀዝ ነው የሚመስለኝ! ባለፈው ዓመት አንድ ኩንታል ሽምብራዬን የጨረሰብኝ ቁርጥ ይሄንን ነው። ቀዳዳውም እንዲሁ ነበር። በጊዜ የነቀዝ ክኒን ከረጢቱ ውስጥ ጣይበት።

ጥንዚዛ_ወዳጅ — ማክሰኞ ጠዋት

እመት_ሽሮ፣ ስለ ነቀዝነቱ ያሉት ሳይሆን አይቀርም፤ እመለስበታለሁ። ክኒኑን ግን እባካችሁ! ያ ክኒን እርጥበት ሲያገኘው ፎስፊን የሚባል ጋዝ ያወጣል። ጋዙ ነቀዙንም ሰውንም ይገድላል። ልጆች በሚተኙበት ቤት ቁም ሳጥን ላይ ፈጽሞ አይቀመጥም። ለአንድ ከረጢት ዘር ፍሪዘር ይበቃል።

የግራር_ጥላ — ረቡዕ ማታ

ክኒኑን አላስገባም፤ ልጆች አሉኝ።

ሰዓት ጠጋኝ ጎረቤት አለኝ፤ ዓይኑ ላይ የሚደግናትን ትንሽ መነጽር አዋሰኝ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ከትልቁ ልጄ ጋር ስናይ አመሸን። ያየሁትን ልጻፍ።

ቡናማው ወደ 3 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከሰሊጥ ትንሽ ከፍ ይላል። ቅርጹ እንደ ዕንቁላል ሆኖ ወደ ራሱ ይጠብባል። ራሱን ወደ ታች ደፍቷል። ቡናማ የመሰለኝ ቡናማ ብቻ አይደለም፤ ላዩ ላይ ግራጫና ነጣ ያሉ አጫጭር ፀጉሮች እዚህም እዚያም ተነጥፈዋል። ክዳን ክንፉ ሰውነቱን እስከ መጨረሻ አይሸፍንም፤ አጭር ኮት የለበሰ ይመስላል፣ የሆዱ ጫፍ ከኋላ ወጥቶ ይታያል። አንቴናው እንደ መጋዝ ጥርስ ጥርስ አለው። ኩምቢ የለውም።

የዘሩ ቀዳዳ ፍጹም ክብ ነው፤ ጠርዙ ልስልስ ያለ። አንዳንዱ ዘር ላይ ደግሞ ቀዳዳ የለም፤ ክብ ምልክት ብቻ አለ፣ እንደ ከበሮ ቆዳ ስስ ሆኖ። በመርፌ ጫፍ ነካ ሳደርገው ተሰበረ። ውስጡ ጥንዚዛ ተጣጥፎ ተኝቷል! ልጄ ጮኸ።

ጥቁሩ ፈጽሞ ሌላ ነው። የስንዴ ፍሬ ያህላል፤ ድብልብል፣ ልክ እንደ ትንሽ ግንድ። ከላይ ሲያዩት ራስ የለውም፤ ራሱ ከደረቱ ሥር ተደብቋል። ደረቱ ከፊት በኩል እንደ ሞረድ ይሻክራል። ከኋላው በቢላ እንደተቆረጠ ዝቅ ይላል፤ እዚያ ላይ ሁለት እሾህ መሳይ ነገር ቆሟል። ዱቄቱ የላመ ነው፤ በጣቴ ሳሸው ፉርኖ ነው የሚመስለው። የእንጨቱም ቀዳዳ ክብ ነው።

ዛፉ ጃንጥላ የሚመስለው ግራር ነው። ፍሬው የተጠማዘዘ ነው። ረጅም ነጭ ቀጥ ያለ እሾህም፣ አጭር የተቆለመመ እሾህም አንድ ቅርንጫፍ ላይ አለው።

ጥንዚዛ_ወዳጅ — ሐሙስ ጠዋት

የግራር_ጥላ፣ እጅሽ ይባረክ! ብዙ ባለሙያ እንዲህ አድርጎ አይጽፍም።

ከዛፉ ልጀምር። የተጠማዘዘ ፍሬ ያለው፣ ሁለቱንም ዓይነት እሾህ የያዘው ግራር በኦሮምኛ ዳደቻ የምንለው ነው። በሳይንስ ስሙ አካሲያ ቶርቲሊስ ይባል ነበር። በ2005 እ.ኤ.አ. ቪየና ላይ በተደረገው የዕፅዋት ተመራማሪዎች ጉባኤ አካሲያ የሚለው ስም ለአውስትራሊያዎቹ ተሰጠ። የእኛዎቹ ቫቼሊያና ሴኔጋሊያ ሆኑ። ስለዚህ ስለ ዛፉ ስትፈልጊ አካሲያ ቶርቲሊስም ቫቼሊያ ቶርቲሊስም ብለሽ ፈልጊ፤ አለበለዚያ ግማሹ መረጃ ያመልጥሻል። ግራራችን ግራር መሆኑን አልተወም፤ ለእኔ ቢጠይቁኝ ስሙን ባይወስዱብን ደስ ይለኝ ነበር።

ቡናማው ብሩኪድ ከሚባለው ወገን ነው። አጭር ኮቱ፣ የተደፋው ራሱ፣ መጋዝ አንቴናው፣ ክቡ ቀዳዳ፣ ከዘር መውጣቱ፣ ሁሉም እዚያው ይወስዱሻል። እናቲቱ ዕንቁላሏን ፍሬው ወይም ዘሩ ላይ ታጣብቃለች። ከዕንቁላሉ የሚፈለፈለው እጭ፣ ማለትም ትሉ፣ ሰርስሮ ይገባና የዘሩን ውስጥ እየበላ ያድጋል። ከመጨረሱ በፊት እስከ ዘሩ ቆዳ ሥር ድረስ ይበላና ስስ መስኮት ትቶ ያቆማል። ያቺ በመርፌ የሰበርሻት ከበሮ እሷ ናት። ጥንዚዛው ሲደርስ በራሱ ገፍቶ ክዳኑን ይከፍትና ይወጣል። ልጅሽ ያየውን ብዙ ሰው ዕድሜውን ሙሉ አያየውም።

ጥቁሩ ከቦስትሪኪድ ወገን ነው። ሞረዱ ደረት፣ የተደበቀው ራስና ከኋላ ያሉት ሁለት እሾሆች ሲኖክሲሎን የሚባለውን ጎሣ ያመለክታሉ። እሱ ዘር አይነካም። የሚፈልገው በቅርብ የተቆረጠና የሚደርቅ እንጨት ውስጥ ያለውን ስታርች ነው። ስለዚህ ሁለቱ አንድ አይደሉም። አንዱ ዘር በል ነው፣ ሌላው እንጨት በል። የሚያገናኛቸው ግራሩ ብቻ ነው።

ገበሬ_ቦሰት — ሐሙስ ቀትር

አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። የበቆሎ ነቀዝ እኮ ኩምቢ አለው። በዓይኔ አይቼዋለሁ። ይኼኛው ኩምቢ የለውም ተብሏል። ታዲያ እንዴት ነቀዝ ይሆናል?

ጥንዚዛ_ወዳጅ — ሐሙስ ማታ

ጥሩ ጥያቄ ነው። ችግሩ ያለው አማርኛችን ላይ ነው፤ ነቀዝ የምንለው ሥራውን አይተን ነው። ጥርስ ሳይቀር ነቀዘ እንላለን። የእህል ውስጥ የሚበላ ሁሉ ነቀዝ ነው። የበቆሎው ኩምቢ ካላቸው ወገን ነው። የሽምብራው ግን ኩምቢ የለውም፤ ብሩኪድ ነው። ቦሎቄ ላይ የሚወጣውም እንደዚያው። እመት_ሽሮ ትክክል ነበሩ ማለት ነው፦ የሶደሬው ጥንዚዛ የሽምብራ ነቀዝ ሥጋ ዘመድ ነው። የበቆሎው ነቀዝ ግን በጣም ሩቅ ዘመዱ ነው።

አሁን ወደ ሽምብራሽ ጉዳይ ልምጣ። አብዛኞቹ ብሩኪዶች ከአንድ ወይም ከጥቂት ተቀራራቢ ተክሎች ዘር በስተቀር ሌላ አይበሉም። የግራሩ ብሩኪድ ወደ ሽምብራ ማሰሮ የመሻገር ዕድሉ ጠባብ ነው። አንድ ነገር ግን እይልኝ። የኋላ እግሩ ጭን ወፍራም ነው ወይስ ቀጭን? ካርየደን ሴራተስ የሚባል ከዱር ዛፍ ፍሬ ወደ ለውዝ የሚሻገር ዘመድ አላቸው። እሱ ከእነዚህ ተለቅ ይላል፤ ጭኑም ወፍራምና በውስጥ በኩል ጥርሳም ነው።

የግራር_ጥላ — ሐሙስ ማታ

አየሁት። ጭኑ ቀጭን ነው፤ ጥርስ የለውም። ተመስገን! የለውዝ ከረጢትም አለኝ።

ልጄ ደግሞ ሌላ ነገር አገኘ። ከከረጢቱ ጥግ ከጥንዚዛዎቹ የሚያንሱ ጥቋቁር ተርብ የሚመስሉ ነገሮች ወጥተዋል። ክንፋቸው እንደ መስታወት ነው። እነሱስ?

ጥንዚዛ_ወዳጅ — ዓርብ ጠዋት

እነሱ ወዳጆችሽ ናቸው። ጥገኛ ተርቦች ይባላሉ። ዕንቁላላቸውን ዘሩ ውስጥ ያለው የጥንዚዛ እጭ ላይ ይጥላሉ፤ የእነሱ እጭ ጥንዚዛውን በልቶ ያድጋል። ሰው አይነድፉም። ከረጢቱን ውጪ ክፈቺላቸውና ይሂዱ።

ጋሽ_አዋሽ — ዓርብ ከሰዓት

ልጄ፣ እኔ ወንጂ ያደግሁ ሰው ነኝ። እኛ የግራር ዘር ከዛፍ ሥር አንለቅምም ነበር። ፍየል ካደረበት በረት ነበር የምንለቅመው። ፍየል ፍሬውን በልታ ዘሩን ታወጣዋለች። ከበረት የተለቀመ ዘር ጠንካራ ነው፤ ፈልቶም አይተነዋል። ከዛፍ ሥር ስንለቅም ግን ሁልጊዜ የተበሳ ይበዛበት ነበር። ምክንያቱን ዛሬ ነው የሰማሁት። መሬት ላይ በቆየ ቁጥር ትሉ ውስጡ እየጨረሰው ነው ማለት ነው።

ለአጥሩ እንጨት ደግሞ አባቶቻችን ቦይ ውስጥ ይነክሩት ነበር። ሳምንታት ውሃ ውስጥ አድሮ የወጣ እንጨት ዱቄት አያራግፍም።

ጥንዚዛ_ወዳጅ — ዓርብ ማታ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። እንጨቱ ውሃ ውስጥ ሲቆይ እኮ ስታርቹ ይቀንሳል። ጥንዚዛው የሚበላው ሲያጣ ይተወዋል። የፍየሉም ነገር እውነት ነው። ፍሬው ቶሎ ከተበላ ጥንዚዛው ሁለተኛ ዙር ዕንቁላል የሚጥልበት አያገኝም።

ጥላ_ፈላጊ — ቅዳሜ ጠዋት

ይኼን ሳነብ እንባዬ መጣ። አባቴ ግቢ ውስጥ የተከለው ግራር ነበረን። የዛሬ አራት ዓመት አንድ የደረቀ ቅርንጫፍ ላይ ክብ ክብ ቀዳዳና ዱቄት አየን። ባለሙያ ነኝ የሚል ሰው አስመጣን። ቀና ብሎ አየና ዛፉ ተበልቶ አልቋል፣ ቤት ላይ ይወድቅባችኋል አለ። ገንዘብ ከፍለን አስቆረጥነው። ግንዱ ሲወድቅ ውስጡ አንድም ቀዳዳ የለበትም። ቀይ፣ ጤነኛ እንጨት ነበር። አባቴ ሦስት ቀን ያንን ጉቶ እያየ ዝም አለ። አሁን ከሰዓት በኋላ ግቢያችን ውስጥ መቀመጥ አይቻልም።

የግራር_ጥላ የገለጸችው ጥቁር ጥንዚዛ ያው ይመስለኛል። ያኔ ይኼን የሚነግረን ሰው ባገኘን።

ጥንዚዛ_ወዳጅ — ቅዳሜ ማታ

በጣም አዝኛለሁ። የሚያሳዝነው ይኼ ብዙ ጊዜ መሆኑ ነው። ጥንዚዛ አየን ማለት ጥንዚዛው ዛፉን ገደለው ማለት አይደለም። እንጨት ሰርሳሪዎች ብዙዎቹ የሚመጡት ቅርንጫፉ ከሞተ ወይም ዛፉ በድርቅ ከደከመ በኋላ ነው። እናንተ ግቢ ሞቶ የነበረው ያ ቅርንጫፍ ብቻ ነበር። እሱን መቁረጥ ይበቃ ነበር።

ዛፍ ከማስቆረጣችሁ በፊት ይቺን እዩ። ቀዳዳው የደረቀ ቅርንጫፍ ላይ ብቻ ነው ወይስ ሕይወት ባለው ግንድ ዙሪያ ነው? ጥፍራችሁን ቅርፊቱ ላይ ጫር አድርጉት፤ ሥሩ አረንጓዴና እርጥብ ከሆነ ያ ክፍል ሕያው ነው። ቅርፊት ሲላቀቅ ሥሩ ላይ ጽሕፈት የመሰለ ቦይ ካለ ሌላ ወገን ነው፤ የቅርፊት ጥንዚዛ ይባላል፣ የኩምቢያሞቹ ዘመድ። ቀዳዳው ሞላላና ትልቅ ከሆነ ደግሞ አንቴናው ከሰውነቱ የሚረዝመውን የጥንዚዛ ወገን አስቡ። ባሕር ዛፍ ላይ የሚታወቀው ፎራካንታ ከዚያ ወገን ነው፤ ከአውስትራሊያ የመጣ ነው፣ ውሃ የጠማውን ባሕር ዛፍ ይመርጣል።

ሐይቅ_ዳር — እሑድ ጠዋት

ከሐዋሳ ነኝ። ወንዶ ገነት በኩል ዘመዶች ጋ ሄጄ በቅርቡ የተቆረጠ ግንድ ላይ የሚገርም ነገር አየሁ። ከቀዳዳዎቹ ዱቄቱ እንደ ክር ተጣብቆ ወጥቷል፤ የጥርስ መጎርጎሪያ እንጨት ነው የሚመስለው። ቀዳዳው የእንቅብ መርፌ እንኳ አያስገባም። አንዱን ስፈለፍለው ዙሪያው ጠቁሯል። ጥንዚዛው 2 ሚሊ ሜትር አይሞላም። መተግበሪያ ላይ ብጭነው የሰሜን አሜሪካ ጥንዚዛ ስም ሰጠኝ።

ጥንዚዛ_ወዳጅ — እሑድ ቀትር

መተግበሪያው ብዙ ጊዜ ፎቶ የተሰበሰበበትን አገር ጥንዚዛ ነው የሚያቀርበው። ወገኑን ለመገመት ጥሩ ነው፤ የመጨረሻውን ስም ግን አትቀበለው። አይናቹራሊስት የሚባለው ሰዎች ያዩትን ፍጥረት ፎቶ የሚለዋወጡበት ድረ ገጽ ላይ ከጫንከው ቦታውን፣ ቀኑንና ዛፉን አስገባበት። ያኔ የሚያውቅ ሰው አይቶ ያርመዋል።

ያየኸው አምብሮዚያ ጥንዚዛ ይመስላል። ከሁሉም የምወደው እሱን ነው። እንጨቱን አይበላውም! እናቲቱ የሻጋታ ዘር በሰውነቷ ባለ ኪስ ይዛ ትመጣለች። እንጨቱን በስታ ትገባና የቦዩን ግድግዳ ትዘራዋለች። ሻጋታው ሲበቅል እሷም ልጆቿም ያንን ይመገባሉ። ዙሪያውን ያጠቆረው ሻጋታው ነው። እንጨቱ ለእሷ ማሳ ነው፤ ክር የመሰለው ደግሞ ከማሳው ጠርጋ የምታወጣው ነው። ግንዱ ሲደርቅ ሻጋታው ስለማይበቅል ትተወዋለች።

እመት_ሽሮ — እሑድ ማታ

ጉድ ነው! ገበሬ ናታ።

የግራር_ጥላ — እሑድ ማታ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አሁን ዘሩን ምን ላድርገው?

ጥንዚዛ_ወዳጅ — ሰኞ ጠዋት

አትጣዪው። ከፍሬው ፈልፍለሽ ደረቁን ዘር በፕላስቲክ አስረሽ ለአንድ ሳምንት ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጪ፤ ውስጡ የቀረ እጭ ይሞታል። ከዚያ ውሃ ውስጥ ጨምሪው። ውስጡ የተበላው ብዙውን ጊዜ ይንሳፈፋል። ቀዳዳ ያለው ውሃ ሞልቶት ሊሰምጥ ስለሚችል በዓይንሽም ለዪ። ደህናውን ከእሳት በወረደ ሙቅ ውሃ ንከሪና እስከ ነገ ተዪው፤ ቆዳው ጠንካራ ነው፣ ካልላላ አይበቅልም። የተበሳውን ሙቅ ውሃ አታስነኪው።

ጥንዚዛዎቹንስ? ከፋርማሲ 70 በመቶ አልኮል ገዝተሽ ጥቂቶቹን በብልቃጥ ያዢ። ውስጡ በእርሳስ የተጻፈ ወረቀት ጨምሪ፦ ሶደሬ፣ ቀኑ፣ ዛፉ፣ ከዘር የወጣ። መልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል ለአንቺ ቅርብ ነው። ቦሎቄ ላይ የሚሠሩ ስለሆነ የቦሎቄን ነቀዝ ያውቁታል። የዝርያውን ስም በእርግጠኝነት ለማወቅ ሰውነቱን በማይክሮስኮፕ ማየት ያስፈልጋል።

የግራር_ጥላ — ከሰባት ሳምንት በኋላ

ተመልሻለሁ። 100 ዘር ቆጥረን ውሃ ውስጥ ጨመርን። 41ዱ ተንሳፈፉ። ከሰመጡት ደግሞ 6 ቀዳዳ አገኘንባቸው። ቀሪዎቹን 53 እንደተባለው ሙቅ ውሃ ነክረን በየከረጢቱ ዘራናቸው። እስከ ዛሬ 38 በቅለዋል። ጋሽ_አዋሽ፣ ለሚቀጥለው ዓመት ከበረት እንለቅማለን፤ አንድ ፍየል ያላቸው ሰውዬ አናግሬያለሁ።

አጥሩን ሳንነክር ተክለነው ነበር፤ አሁንም ዱቄቱ ይረግፋል። ያለውን እናስረጀዋለን።

አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ። ልጄ የተበሱትን መጣል አልፈለገም። አሥሩን መርጦ ለብቻ ጣሳ ላይ ዘራቸው። እኔ ዝም አልኩት፤ ልቡ እንዳይሰበር ብዬ። ትናንት ጠዋት ጠራኝ። አንዱ ወጥቷል። ሁለት ወፋፍራም ቅጠሎች አሉት፤ የአንዱ ግማሽ የለም፣ በክብ ተቆርጧል። ጥንዚዛው የበላው ያንን ነበር፤ ቡቃያውን አልነካውም። ፎቶውን ከታች አያይዣለሁ፤ ከማስመሪያ ጎን ነው ያነሳነው።